ሻይ ቤት ውስጥ በ10 ፓውንድ የገዛሁት የሺንቲ ክለብ ታሪክ

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ላውራ። ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ወፍራም ወረቀት፣ መሃሉ በሁለት ሽቦ የተያዘ፣ ፎቶዎቹ አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ። በስኮትላንድ ደጋማ ክፍል፣ ሃይላንድስ በሚሉት አገር፣ አንድ ትንሽ መንደር ውስጥ ያለ፣ ሺንቲ የሚባለውን የዱላና የኳስ ጨዋታ የሚጫወት ክለብ ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ያሳተመው የራሱ ታሪክ ነው። መጽሐፍ መደብር አታገኙትም። የሚሸጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሻይ ቤት ነው፣ ከኬኩ ጎን ተደርድሮ። 10 ፓውንድ። ካርድ አይቀበሉም፣ እኔ ደግሞ ጥሬ ብር አልያዝኩም ነበር፣ ስለዚህ መጀመሪያ የከፈለው የሥራ ባልደረባዬ ነው። እስካሁን አልመለስኩለትም፣ ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ።

የክለቡን ስም አልጠራም። አንደኛ ቅሬታም ስላለኝ ነው። ሁለተኛ መንደሩ ትንሽ ነው፣ መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ሻይ የሚቀዱልኝ እነሱው ናቸው።

ከሺንቲ ጋር የተዋወቅኩት በድንገት ነው። የምኖረው ግላስጎው ነው። አብሮኝ የሚሠራ የሃይላንድስ ልጅ አለ፣ ሰኞ ሰኞ አንዴ ጣቱን፣ አንዴ ቅንድቡን አሽጎ የሚመጣ። ምን ሆነህ ነው ስለው «ሺንቲ» ይለኛል፣ እንደ በሽታ ስም። አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ። ሜዳው ዳር ቆሜ ሰዎቹ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሲገቡ ሳይ አፌ አላስችል አለኝና ጮክ ብዬ በአማርኛ «እንዴ! ይሄ ገና ነው እንጂ!» አልኩ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ዘወር ብለው አዩኝ። ምን እንዳልኩ ባይገባቸውም የደስታ መሆኑ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ።

ለማታውቁት፣ ሺንቲ ማለት በአንድ ወገን 12 ሰው የሚሰለፍበት የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው። ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ እንደ እግር ኳስ። ሜዳው ግን ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል፣ እስከ 170 ያርድ ይፈቀዳል፣ ወደ 155 ሜትር መሆኑ ነው። ዱላው ካማን ይባላል። ቃሉ የጌሊክ ነው፣ በዚያ ቋንቋ «ካም» ማለት ጠማማ ማለት ነው። ኳሷ ውስጧ ቡሽ፣ በክር የተጠቀለለች፣ ላይዋ በቆዳ የተሰፋ፣ ክብደቷ ከ70 እስከ 85 ግራም ገደማ። ሩር ብላችሁ ብትጠሯት ቅር አይላትም።

ከሆኪ ጋር እንዳታምታቱት። ሆኪ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ለመሬት ነው። እዚህ ዱላን ከራስ በላይ አንስቶ መምታት ይቻላል፣ ኳሷን አየር ላይ እያለች መምታት ይቻላል፣ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ይቻላል። በእግር መምታት ክልክል ነው። እጅ የሚፈቀደው ለበረኛው ብቻ ነው፣ እሱም በተዘረጋ መዳፍ ይመልሳል እንጂ መያዝ አይችልም። ሲጀመር ዳኛው ኳሷን ወደ ሰማይ ይወረውራል፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ዱላውን አንስቶ ከታች ይጠብቃታል፣ ስትወርድ የሚሆነውን ማየት ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባል የለ? እዚህም ያው ነው፣ ቅንድብህን የሰነጠቀህ ሰው ከጨዋታ በኋላ ቢራ ይጋብዝሃል።

ዝምድናው በዱላው ብቻ አያበቃም። መጽሐፉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው፣ ጥሩ አጀማመር ነው። ክለብ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ሺንቲ የበዓል ጨዋታ ነበር። በአዲስ ዓመት ቀን የአንዱ አጥቢያ ወንዶች ከሌላው አጥቢያ ወንዶች ጋር ይገጥማሉ። ቁጥር የለም፣ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሲመሽ ያበቃል። በአንዳንድ ቦታ በዓሉን በአሮጌው አቆጣጠር ጃንዋሪ 12 ነበር የሚያከብሩት። የእኛ ገና በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 እንደሚውል ለሚያውቅ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። እስከ ዛሬም ሎቫትና ቢውሊ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ክለቦች በአዲስ ዓመት ሰሞን ሎቫት ካፕ ለምትባል ዋንጫ ይጋጠማሉ፣ ብርዱን አስቡት።

ሕጉ የመጣው ኋላ ነው። በስትራዝግላስ ሸለቆ 1880 ላይ የጨዋታው ደንብ በጽሑፍ ወጣ። 1887 ላይ ስትራዝግላስና ግሌንኧርካርት ኢንቨርነስ ከተማ ላይ ገጠሙ፣ የሁለት ሸለቆ ሰው ከተማ ወርዶ ሲጋጠም ወሬው አገሩን አዳረሰ። ችግሩ ሸለቆው ሁሉ የየራሱ ደንብ ነበረው፣ ስንት ሰው ይሰለፍ በሚለው እንኳ አይስማሙም። 1893 ላይ ኪንዩሲ የምትባል መንደር ተሰብስበው የሺንቲን የበላይ ማኅበር፣ ካማናክድ አሶሲዬሽንን፣ መሠረቱ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ 1896፣ የመጀመሪያው የካማናክድ ዋንጫ ፍጻሜ ኢንቨርነስ ላይ ተደረገና ኪንዩሲ የግላስጎውን ካወል 2 ለ 0 አሸነፈ። (ኪንዩሲን በእንግሊዝኛ ፊደል ስታዩት «ኪንጉሲ» ልትሉት ይዳዳችኋል። እኔ ብዬው ሻይ ቤቱ በሙሉ ስቆብኛል።) መጽሐፉ ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ጨርሶ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ጎሽ። የሌላ ሰው ታሪክ 20 ገጽ ድረስ እየጠቀሱ የራሳቸውን የሚረሱ ስንት አሉ።

የራሳቸው ታሪክ ደግሞ በሜዳ ጣጣ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ስለ ጨዋታ ስልት አንድ መስመር የለም። ሜዳው የማን ነው፣ በጎቹን ማን ያስወጣል፣ ግቡን ማን ተሸክሞ ያመጣል፣ እንጨቱ የት ያድራል። ግቡ 12 ጫማ ስፋትና 10 ጫማ ከፍታ ነው፣ ማለትም ከእግር ኳሱ በጣም ይጠባል ግን ይረዝማል። ይህን ነገር ቅዳሜ በቅዳሜ ጭቃ ውስጥ ተሸክሞ ማምጣትና መመለስ የአንድ ሰው ሥራ ነበር። የሰውየው ስም በየስብሰባው ይነሳል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ነው እኔ 10 ፓውንድ የምከፍልበት።

ስለ ዱላው ያለው ምዕራፍ ደግሞ ብቻውን ግማሹን ዋጋ ያወጣል። ድሮ ካማን አይገዛም ነበር። ልጆች ጫካ ገብተው ተፈጥሮ ያጎበጠውን ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ፣ ያገኘ ሰው ቦታውን ለወንድሙም አይናገርም። በርች፣ አሽ፣ ያገኙትን። ዛሬ የሚሠራው ባብዛኛው ከሂኮሪ እንጨት ነው፣ ስስ ስስ ሆኖ የተሰነጠቀው ተጣብቆና ታጥፎ። ደንቡ አንድ ነው፣ የዱላው ጭንቅላት 6.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። ያላለፈ ዱላ አይገባም። መጽሐፉ ውስጥ የቀለበቷ ፎቶ አለ፣ የክለቡ የመጀመሪያዋ ቀለበት፣ ዝጋ። ከዋንጫዎቹ ፎቶ ሁሉ ይህችን ወደድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መጽሐፉን ሳነበው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ዘንድሮ 12 ሰው ይሞላል ወይ? በቃ። ሌላው ሁሉ ከዚያ የሚመጣ ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፣ ሺንቲ ላይ ትልልቆቹ ክለቦችም ጭምር ያለ ክፍያ ነው የሚጫወቱት፣ ስለዚህ ከውጭ ሰው ገዝቶ ማምጣት የሚባል ነገር የለም። መንደሩ ያለውን ይዞ ይገባል። አንዱ ልጅ ለሥራ ግላስጎው ወረደ፣ 11 ቀሩ። አንዱ አገባና ወደ ሚስቱ አገር ሄደ፣ 10። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ማን እንደሚሰለፍ አስቡት። ጸሐፊዎቹ ይህን በደንብ ተረድተውታል፣ እንዲያውም በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ የተመዘገበውን የተጫዋች ብዛት ከገጹ ጠርዝ በትንንሹ አስፍረውታል። ዝም ብላችሁ ጠርዙን ብቻ እያያችሁ ብትገልጡት እንኳ ታሪኩን ታገኙታላችሁ። ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ አንዳንዴ ባዶ።

ባዶዎቹ ሁለት ቦታ ይበዛሉ። የመጀመሪያው ከ1915 እስከ 1919፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ። ያኔ የካማናክድ ዋንጫው ራሱ ቆሟል። የኢንቨርነስሻየር መንደር ልጆች ብዙዎቹ ካሜሮን ሃይላንደርስ በሚባለው የጦር ክፍል ውስጥ ነበሩ፣ አራተኛው ሻለቃ ሜይ 1915 ፈረንሳይ ፌስቱቤር ላይ ክፉኛ ተመታ። አንድ ሻለቃ ውስጥ የአንድ አካባቢ ልጆች ከተሰበሰቡ፣ አንድ ክፉ ሌሊት የአንድ አካባቢን ቡድን ይዞ ይሄዳል። መጽሐፉ እዚህ ላይ ብዙ አይናገርም፣ ይህን ያደረገው ሰው እጁ ይባረክ። በግራ ገጽ ከጦርነቱ በፊት የተነሱት የቡድን ፎቶ፣ በቀኝ ገጽ ከጦርነቱ በኋላ የተነሱት። አንድ ግድግዳ ፊት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ። ጽሑፍ የለም። አንባቢው ራሱ በጣቱ እየጠቆመ ፊት ከፊት ያመሳስላል። እኔ አራት አገኘሁ። ባልደረባዬ አምስት ነው ይላል፣ አንዱ ወንድሙን የሚመስል ሌላ ልጅ ይሁን እሱ ራሱ ይሁን አልተስማማንም። ባቡር ውስጥ ሆኜ ነበር ይህን ገጽ ያየሁት፣ የምወርድበትን ጣቢያ አሳለፈኝ።

ሁለተኛው ባዶ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ እሱ ላይ ቶሎ ያልፋሉ፣ እኔም ልለፍ።

ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉ የሚያናድደኝ። ከጦርነቱ በኋላ ያለው ጊዜ የሰው ፍልሰት ጊዜ ነው፣ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ግን ለምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር የለም። ለሰፈሩ ሰው ግልጽ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ግልጽ አይደለም። ራሴ ቆፍሬ ባላሁሊሽ ላይ ያለውን ብቻ ላንሳ። ባላሁሊሽ ጥቁር የጣሪያ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ነበር። ክለባቸው የካማናክድን ዋንጫ በ1899፣ በ1901፣ በ1911 እና በ1912 ወስዷል። የድንጋይ ካባው 1955 ላይ ተዘጋ። ሥራ ሲዘጋ የቀን ሠራተኛው ይሄዳል፣ የቀን ሠራተኛው ደግሞ ቅዳሜ ቀን ተከላካይ ነው። የመንደር ክለብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዋንጫ ቤቱን ሳይሆን የካባውን፣ የደን ሥራውን፣ የባቡር ጣቢያውን በር ማንኳኳት አለበት ባይ ነኝ።

በዚያ ፈንታ የሰጡን ምንድን ነው? ሠንጠረዥ። ከገጽ ገጽ የውጤት ሠንጠረዥ። ማን በስንት አሸነፈ፣ ማን ስንት አገባ። እሺ፣ ለመዝገብ ያስፈልጋል፣ ግን መጨረሻ ላይ ቢያደርጉት ምን ነበረበት? መሃል ላይ ሆኖ ንባቡን እንደ በር ዘግቶታል። እኔ ሁለት ጊዜ ትቼው ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነው ያለፍኩት።

ከሠንጠረዡ ወዲያ ግን ሳቅ አለ። ትንሽ ክለብ ስትሆን ጎረቤትህ ማን እንደሆነ ወሳኝ ነው፣ የእነዚህ ሰዎች ቅሬታ ደግሞ ከላይ ነው። ኪንዩሲና ኒውተንሞር ይባላሉ። ሁለቱም ራሳቸው መንደር ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የዚህን ስፖርት ዋንጫ እንደ ጎመን ሲለቅሙት ኖረዋል። ኒውተንሞር የካማናክድን ዋንጫ ከ30 ጊዜ በላይ ወስዷል፣ የሚስተካከለው የለም። ኪንዩሲ ደግሞ 20 የሊግ ዋንጫ በተከታታይ ወስዶ ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ 2006 ላይ ፎርት ዊልያም እስኪያስቆማቸው ድረስ። በዚያ ዘመን የኪንዩሲ አጥቂ የነበረው ሮናልድ ሮስ ከ1000 በላይ ጎል ያገባ ሰው ነው፣ «የሸለቆዎቹ ሮናልዶ» ነበር የሚሉት። እንግዲህ አስቡት፣ በስንት ልመና 12 ሰው ሰብስባችሁ፣ አንዱን ከማረሻ ላይ አንስታችሁ፣ አንዱን ጉልበቱ ያበጠውን በፋሻ ጠቅልላችሁ ስትመጡ የዋንጫው ዕጣ ከእነዚህ ጋር ሲደርሳችሁ። መጽሐፉ ስለነዚህ ሽንፈቶች ሲያወራ ቋንቋው በጣም ጨዋ ይሆናል። ጨዋነቱ ነው የሚያስቀው። የጎሉን ብዛት ሳይጽፉ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ አንድ አንቀጽ የሚጽፉበት ቦታ አለ።

ግን ትንንሾቹም ተራ ይደርሳቸዋል፣ ጸሐፊዎቹም ይህን በየአጋጣሚው ያነሳሉ፣ ልብ የሚያሞቅ ነገር ስለሆነ አልፈርድባቸውም። 1923 ላይ ፈርነስ የምትባል በአርጋይል ያለች መንደር ዋንጫውን ወሰደች፣ ያውም በውድድሩ ሁሉ አንድ ጎል ሳይገባባት። 1990 ላይ ስካይ ደሴት ኒውተንሞርን 4 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ይዞ ወደ ደሴቱ ተሻገረ፣ ክለቡ ከተመሠረተ ከ1892 ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረውን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ይህን ጨዋታ ያየ ሰው ብትፈልጉ፣ አላየሁም የሚል አታገኙም።

ሴቶችን በተመለከተ ያለኝን ቅሬታ አልውጠውም። ግማሽ ገጽ! አንድ ፎቶ፣ አራት መስመር፣ ምስጋና። ዛሬ ሴቶች የራሳቸው ማኅበር፣ የራሳቸው ሊግና ቫለሪ ፍሬዘር የሚባል የራሳቸው የካማናክድ ዋንጫ አላቸው፣ እዚያው ሜዳ ላይ እሑድ እሑድ ሲለማመዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞስ ያ ክለብ እንዴት ነው የቆመው? ማልያው የሚታጠበው፣ ሻይና ኬኩ የሚሸጠው፣ የአውቶቡሱ ኪራይ የሚሞላው በማን ነው? ያች ቆርቆሮ ቤት ባትኖር የክለቡ ካዝና ባዶ ነበር፣ ይህንንም የሚያሳየው የራሳቸው ቃለ ጉባኤ ነው። ገንዘብ ያዡ በየዓመቱ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ትልቁ ገቢ ከየት እንደመጣ ተጽፏል። ከኬክ። የኬኩ ጋጋሪ ስም ግን አልተጻፈም።

ሌላው ስለ ወቅቱ ነው። ሺንቲ የክረምት ጨዋታ ነበር፣ ሜዳ በረዶ ሲሆን ወይም ውሃ ሲተኛበት ስንት ቅዳሜ ይሰረዛል። ከ2004 ጀምሮ ከማርች እስከ ኦክቶበር ወዳለው ጊዜ ዞሩ። መጽሐፉ ይህን ለውጥ እንደ ሃይማኖት ክርክር ነው የሚተርከው፣ የደገፉና የተቃወሙ እስከ ዛሬ አይተማመኑም። የእኔ አስተያየት፣ በጋው ጥሩ ነው፣ ፀሐዩ እስከ ምሽት ይቆያል። ግን ሚጅ የምትባል የትንኝ ዘር አለች። ሜዳ ዳር ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሲሳይዋ ነው። ከጁን እስከ ኦገስት የምትሄዱ ከሆነ ቅባት ያዙ፣ ወይም እንደ ተጫዋቾቹ ሩጡ።

ስለ ኅትመቱ ትንሽ። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ሽቦው ግን ደካማ ነው፣ መሃል ያሉት አራት ገጾች በሁለተኛው ቀን እጄ ላይ ቀሩ። የስም ማውጫ የለውም፣ ይህ ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከሚገዛው ሰው ግማሹ የአያቱን ስም ፍለጋ ነው የሚገዛው። አያቱ ካናዳ የተሰደደ ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ ሲገዛ አይቻለሁ። ቆሞ ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ኬኩ ደረቀበት። ካናዳ ካልኩ አይቀር፣ እዚያ በረዶ ላይ ዝም ብሎ የሚጫወቱትን ሆኪ «ሺኒ» ይሉታል፣ ስሙ ከዚሁ ከሺንቲ የሄደ ነው።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ሺንቲን ለማወቅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ገንዘባችሁን ለመግቢያና ለሻይ አድርጉት፣ አንድ ጨዋታ ማየት ከሦስት መጽሐፍ ይበልጣል። ትንሽ ቦታ ያደገ ሰው ከሆናችሁ ግን፣ ቡድን ለመሙላት በየቤቱ እየዞሩ የሚለምን ሰው የነበረበት ሰፈር የምታውቁ ከሆነ፣ ግዙት። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ነው የምሰጠው። ሠንጠረዡን ወደ ኋላ ወስደው፣ ለሴቶቹ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጨምረው፣ ሽቦውን ቀይረው ሁለተኛ እትም ቢያወጡ አራት ተኩል እሰጣለሁ። አምስቱን የምከለክለው ለመርህ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከጦርነቱ በኋላ የተነሱት ፎቶ አለ አላልኳችሁም? ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ስም ተዘርዝሯል። ስሞቹ 12 ናቸው። ሰዎቹ 13። ደጋግሜ ቆጠርኩ። አንደኛው፣ ዳር ላይ፣ ዱላ የለውም፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል፣ ማልያም አልለበሰም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩና ሻይ የሚቀዱትን እናት ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወጡ። «ግቡን የሚሸከመው ነው» አሉ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሽማግሌ በትከሻዬ ላይ አይተው የለም፣ ያ ሰው ከጦርነቱ በፊት ነው የሞተው፣ ይሄ የእረኛው ልጅ ነው አሉ። ሦስተኛ ሰው መጣ። እሱ ደግሞ ፎቶ አንሺው ራሱ ነው፣ ልጁን ካሜራው ጋ አቁሞ ሮጦ ገብቶ ነው አለ። ወረፋው ቆመ። ውጪ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል፣ ማንም አልወጣም። እናትየው ከገንዘብ መያዣው ሥር እርሳስ አወጡና ሦስቱንም ስም በፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ከየስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት እያደረጉ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የዘጠና ዓመት ሰው ስለሚመጡ እሳቸውን እንጠይቃለን አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ነበረብኝ። እርሳሱ እስካሁን እኔ ጋ ነው።